ኮከቡ ደመናውን ሲበላ፦ የኦሪዮን ሥራዬ ማስታወሻ

ኅዳር 3

ሥራው ይሄ ነው። ኦሪዮን ኔቡላን፣ ሰማይ ላይ ያለውን ግዙፍ የጋዝና የአቧራ ደመና፣ አራት ኪሎ ከምንኖርበት ፎቅ ጣራ ላይ ሆኜ ፎቶ አነሳዋለሁ። ለውበቱ አይደለም። ያማረ የኔቡላ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። እኔ የምፈልገው ጠርዙን ነው። ኔቡላው ውስጥ የግዙፉ ኮከብ ብርሃን ደመናውን እየላጠ መጥቶ የሚቆምበት መስመር አለ። ያንን መስመር በራሴ ካሜራ ካገኘሁት፣ ከኮከቡ ያለውን ርቀት እለካለሁ። ከርቀቱ ደግሞ ጋዙ ምን ያህል ጥቅጥቅ እንዳለ አሰላለሁ።

ያለኝ ዕቃ፦ ሁለተኛ እጅ ካሜራ፣ 24 ሜጋፒክስል። ፎከሱ በእጅ ብቻ የሚሠራ አሮጌ ባለ 135 ሚሊሜትር ሌንስ። ትራይፖድ። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ።

የሌለኝ ሰማዩን ተከትሎ የሚዞር ማቆሚያ ነው። በዚህ ሌንስ ሻተሩን ከሁለት ሰከንድ በላይ ከከፈትኩ ኮከቦቹ ወደ ጭረት ይለወጣሉ። የተዘጋጀውን ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም፤ እሠራዋለሁ።

ኅዳር 7

የማቆሚያው ሐሳብ ቀላል ነው። ሁለት ጣውላ በማጠፊያ ይያያዛሉ። የታችኛው ትራይፖዱ ላይ ይታሰራል፣ የላይኛው ካሜራውን ይሸከማል። ፊሌቶ የወጣለት ዘንግ ከሥር ገብቶ የላይኛውን ጣውላ ቀስ እያለ ይገፋዋል። የማጠፊያው ዘንግ ወደ ሰማይ ሰሜናዊ ዋልታ ካነጣጠረ፣ ጣውላው ሲከፈት ሰማዩን ይከተላል።

ሰማዩ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ1,436 ደቂቃ ነው፣ ከ24 ሰዓት በ4 ደቂቃ ያንሳል። ባለ 6 ሚሊሜትር ዘንግ በአንድ ዙር 1 ሚሊሜትር ወደፊት ይሄዳል። 1,436ን ለሁለት ፓይ ሲያካፍሉት 228.5 ይመጣል። እንግዲህ ዘንጉን ከማጠፊያው 228.5 ሚሊሜትር ላይ ተክዬ በደቂቃ አንድ ዙር ካዞርኩት አለቀ። ሞተር የለውም። የእጅ ሰዓቴን እያየሁ በጣቴ ነው የማዞረው።

ዘንጉን ፍለጋ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ሻጩ እየመዘዘ ሲያሳየኝ አንድ በአንድ መስታወት ላይ አንከባለልኳቸው። የጎበጠ ከሆነ ካሜራው ይወዛወዛል።

«ምን ልትሠራበት ነው ወንድሜ፣ እንዲህ የምትመርጠው?»

«ካሜራ ላዞርበት።»

«ለሰርግ ነው? ለሰርግ ከሆነማ ወፈር ያለውን ውሰድ፣ ይሄ ያዋርድሃል።»

ቀጭኑን ወሰድኩ። ዳዶና ሮንደላውን መርቆልኛል። ጣውላውን ሰፈር ያለው አናጺ በትራፓኖ በሳልኝ።

ኅዳር 12

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ሥራ የለም። ከተማው በሙሉ ጭስ ነው። ቢሆንም ጣራ ላይ ወጥቼ ትንሽ ቆየሁ፣ ያየሁትም ነገር ለዚሁ ሥራ ይጠቅመኛል። ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት ነጭ መብራቶች ጭሱ ሲያልፍባቸው ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ቡናማ ይሄዳሉ። ጭሱ ሰማያዊውን ብርሃን ቀድሞ ይበትነዋል፤ ቀዩ እንደምንም ያልፋል።

ኮከብ የሚወለድበት ደመና ውስጥ ያለውም አቧራ እንዲህ ነው። መጠኑ ጭስን የሚያህል ደቃቅ ነገር ነው፣ ከሁሉ በፊት የሚያስቀረውም ከሰማያዊም የባሰውን አልትራቫዮሌትን ነው። ከአቧራው ጀርባ ያለው ጋዝ ብርድና ጨለማ ውስጥ ሆኖ ሞለኪውሎቹን ይዞ ይቀራል። አቧራው ባይኖር ኖሮ ግዙፍ ኮከብ አጠገብ ሌላ ኮከብ የሚሠራበት ዕቃ አይተርፍም ነበር።

ኅዳር 19

ማነጣጠር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። አውሮፓ ያሉ ሰዎች ቀና ብለው ያገኙታል። እኛ ዘንድ ደግሞ በዚያው አቅጣጫ እንጦጦ ተገትሯል። የሽሮ ሜዳ መብራት ካለቀበት፣ ከተራራው ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በጭጋጉ ውስጥ ፈዝዞ አገኘሁት። ማጠፊያው ሊጋደም ምንም አልቀረውም። ትራይፖዱ ይህን ስለማይወድ እግሩን ከሮቶው ማቆሚያ ብረት ጋር በገመድ አሰርኩት።

ጥሩው ነገር ሌላው ነው። የሰሜን ኮከብን የነፈገን ኬክሮስ ኦሪዮንን ራሳችን ላይ አምጥቶ ያስቀምጥልናል። ኔቡላው ወደ ደቡብ ዘመም ብሎ 75 ዲግሪ ላይ ይደርሳል። የከተማውን ጭጋግ በአጭሩ በኩል ነው የምናየው።

ታኅሣሥ 5

ዛሬ ሰማዩ ንጹሕ ነው። ኦሪዮን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ከፍታው ጫፍ ደረሰ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢ ደርቤ ነው የሠራሁት።

የፎቁ ዘበኛ ባትሪ ይዘው መጡ። ጣራ ላይ ሰው አለ ተብሎ ተነግሯቸው ነው።

«አንተ ነህ እንዴ! ምን ታነሳለህ በዚህ ውርጭ?»

«ኮከብ ነው አባባ። ይሄ ሦስቱ ተሰልፈው የቆሙት አሉ አይደል? ከሥራቸው ያለችውን ጭጋግ የመሰለች።»

«ይቺን? ይቺንማ ከብት ስጠብቅም አውቃታለሁ።» ትንሽ ቆዩና፣ «ኮከብ ናት አይደለችም?» አሉኝ።

ጥያቄው ልክ ነው። ኮከብም ናት፣ ደመናም ናት። ወደ 1,350 የብርሃን ዓመት (አንዱ ብርሃን በዓመት የሚሄደው ርቀት ነው) ርቃ የምትገኝ፣ ኮከብ እየተወለደባት ያለች ቦታ ናት። መሐሏ ላይ ትራፔዚየም የሚባሉ ጥቂት ወጣት ኮከቦች ተጠጋግተው አሉ። ከእነሱ ጉልበተኛው ቴታ 1 ኦሪዮኒስ ሲ ይባላል። ክብደቱ ፀሐይን ከ30 እጥፍ በላይ ይበልጣል። የፀሐይ ገጽ ሙቀት 5,800 ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ) ገደማ ሲሆን የእሱ ወደ 39,000 ነው። እንዲህ የሚነድ ኮከብ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያወጣው ዓይናችን በማያየው አልትራቫዮሌት ነው። ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ኖሮ ይፈነዳል፤ ፀሐያችን ግን 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ትኖራለች።

አባባ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ቶሎ የሚቆጣ ቶሎ ያልቃል» ብለው ወረዱ።

ሁለት ዓይነት ፎቶ ወስጃለሁ። ባለ 30 ሰከንዶቹ ለደብዛዛው ውጪያዊ ክፍል፣ ባለ 1 ሰከንዶቹ ለመሐሉ። መሐሉ በ30 ሰከንድ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። የምፈልገው መስመር ደግሞ ያለው እዚያው ነው።

ታኅሣሥ 9

ፎቶዎቹን በሲሪል ደራረብኳቸው። ነጻ ፕሮግራም ነው፣ በኔ ላፕቶፕም ይሠራል። ከባለ 30 ሰከንዶቹ አብዛኞቹ ንጹሕ ናቸው፤ የቀሩት ንፋስ የነካቸው ስለሆኑ ጣልኳቸው።

ቀለሙ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሃይድሮጅን ኤሌክትሮኑን ተነጥቆ እንደገና ሲያገኝ የሞገድ ርዝመቱ 656.3 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ብርሃን ይለቃል። የኔቡላ ፎቶ የሚቀላው ለዚህ ነው። የኔ ካሜራ ግን ሴንሰሩ ፊት ያለው ማጣሪያ ይህን ቀይ አብዛኛውን ያስቀረዋል። ሲሠራ ለሰው ፊት እንጂ ለኔቡላ አልታሰበም። ስለዚህ መሐሉ ሐምራዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ሆኖ ወጣ። አረንጓዴው የኦክስጅን ነው፣ 500.7 ናኖሜትር። ይህ ኦክስጅን ሁለት ኤሌክትሮን የተነጠቀ ነው፤ ሁለተኛውን ለመንጠቅ 35 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ይፈልጋል። ለሃይድሮጅን 13.6 ነው የሚበቃው። በሌላ አባባል፣ ፎቶዬ ላይ አረንጓዴ ያየሁበት ቦታ ሁሉ እጅግ ትኩስ ኮከብ ብርሃኑን ያደረሰበት ነው። ቀለሙ ከነማጣሪያው ጥሩ ምስክር ሆኗል።

ታኅሣሥ 14

አገኘሁት።

ባለ 1 ሰከንዶቹን ደርቤ መሐሉን ሳጎላ፣ ከትራፔዚየም በስተደቡብ ምሥራቅ ቀጥ ያለ ደማቅ መስመር ይታያል። ኦሪዮን ባር የሚባለው ነው። ግድግዳ በጎኑ ሲታይ ማለት ነው፤ ብርሃኑ የበላው ጋዝ በአንድ ወገን፣ ያልተበላው ቀዝቃዛ ደመና በሌላ ወገን። ትራፔዚየም ራሱ በኔ ሌንስ አንድ ድቡልቡል ነገር ነው፤ ኮከቦቹ አይለዩም። ባሩ ግን ይለያል።

ልኬቱ፦ ከድቡልቡሉ መሐል እስከ ባሩ 21 ፒክስል። በዚህ ሌንስ አንድ ፒክስል 5.7 የቅስት ሰከንድ ይሸፍናል (አንድ ዲግሪ 3,600 የቅስት ሰከንድ ነው)። ሲባዛ 120 ይሆናል፣ ማለትም 2 የቅስት ደቂቃ። በ1,350 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ይህ 0.78 የብርሃን ዓመት ነው። በእርግጥ ሰማይ ላይ ተዘርግቶ የሚታየው ነው እንጂ ወደ ጥልቀት ያለው አልተለካም። ስለዚህ ይህ ትንሹ ርቀት ነው።

አሁን ስሌቱ። በ1939 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቤንግት ስትሮምግሬን የሚባል የዴንማርክ ሰው ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ፦ ኮከብ በጋዝ መሐል ቢቀመጥ ብርሃኑ እስከ የት ድረስ ሃይድሮጅኑን ኤሌክትሮን ያሳጣዋል? መልሱ የገቢና ወጪ ሒሳብ ነው። ገቢው ኮከቡ በሰከንድ የሚልካቸው፣ የሞገድ ርዝመታቸው ከ91.2 ናኖሜትር ያጠረ ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) ናቸው። ለቴታ 1 ሲ ከ1 ቀጥሎ 49 ዜሮ ጻፉ፣ ወደዚያ ይጠጋል። ወጪው ደግሞ ኤሌክትሮኖች ተመልሰው ከፕሮቶን ጋር ሲገናኙ ነው፤ እያንዳንዱን ዳግም ለመለየት አዲስ ፎቶን ያስፈልጋል። ገቢው ባለቀበት ጠርዙ ይቆማል።

ቁም ነገሩ ያለው ወጪው ላይ ነው። መገናኘት ሁለቱንም ስለሚጠይቅ ጋዙ በእጥፍ ሲጠጋጋ ወጪው በአራት እጥፍ ይጨምራል። በኩብ ሴንቲሜትር 100 አቶም ባለበት ቦታ ይህ ኮከብ 10 የብርሃን ዓመት ራዲየስ ያለው ሉል ይጠርጋል። 1,000 ባለበት 2.2 ብቻ። 10,000 ባለበት ግማሽ የብርሃን ዓመት አይሞላም።

ወደ ኋላ ስሄድበት የኔ 0.78 በኩብ ሴንቲሜትር 4,700 አቶም ገደማ ሰጠኝ። ባለሙያዎች ለዚያ አካባቢ ትኩስ ጋዝ ከሚሰጡት ከጥቂት ሺህ እስከ 10,000 ከሚደርሰው ቁጥር ጋር ይስማማል። የጣት ቆጠራ በሚባል ልኬት ይህን ያህል ካገኘሁ ምን ቀረኝ! ለማነጻጸር፣ አሁን የምተነፍሰው የአራት ኪሎ አየር በኩብ ሴንቲሜትር 2 ተብሎ 19 ዜሮ የሚከተለው ሞለኪውል አለው። «ጥቅጥቅ ያለ ደመና» የምንለው በኛ ቤት ባዶ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። ኦሪዮን ሉል አይደለም። ኮከቡ ያለው ከትልቁ ደመና ፊት ለፊት፣ በኛ በኩል ነው። በኛ በኩል በሩ ክፍት ስለሆነ ትኩሱ ጋዝ ወደኛ እየፈሰሰ ይወጣል። ሒሳቡ በግድግዳው በኩል ብቻ ነው የሚታመነው።

ታኅሣሥ 30

ጠርዙ ላይ ምን ይሆናል የሚለውን ሳነብ ሰነበትኩ። ቀዝቃዛው ደመና ከ10 እስከ 20 ኬልቪን ነው። ብርሃኑ የነካው ወደ 10,000 ይዘላል። ግፊቱም በዚያው ልክ፣ በሺህ እጥፍ ያድጋል። የተነካው ጋዝ በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ከግድግዳው እየተነቀለ ይበራል። ከግድግዳው ጀርባ ደግሞ ሃይድሮጅንን መንጠቅ የማይችለው ደከም ያለው አልትራቫዮሌት ገብቶ ሞለኪውሎችን ይሰብራል፣ አቧራውንም ያሞቃል። ባሩን ሳይንቲስቶች የሚወዱት ለዚህ ነው፦ ሽፋኖቹ ተራ በተራ ተደርድረው በጎናቸው ይታያሉ።

ብርሃን ብቻም አይደለም። በ2019 የወጣ ጥናት፣ አውሮፕላን ላይ በተጫነው ሶፊያ ቴሌስኮፕ፣ የዚሁ ኮከብ ንፋስ (ከገጹ የሚወረወረው ጋዝ) ከፊቱ ያለውን ጋዝ በሰከንድ 13 ኪሎ ሜትር እየገፋ ትልቅ አረፋ እንደነፋ አሳይቷል። የኔ ሒሳብ ውስጥ ንፋስ የለም። እንዲገባም አላሰብኩም።

ጥር 6

ፎቶው የማይነግረኝን ላፕቶፑን ልጠይቅ ብዬ አጭር ፕሮግራም በፓይተን ጻፍኩ። ኮከብ መሐል ይቀመጣል፣ በዙሪያው ጋዝ፣ ጋዙ ውስጥ እዚህም እዚያም ጥቅጥቅ ያሉ ቋጠሮዎች። በየአቅጣጫው ጨረር እልካለሁ፤ እያንዳንዱ ጨረር በየደረሰበት ፎቶኑን ይከፍላል፣ ሲያልቅበት ይቆማል። ጋዙ አይንቀሳቀስም። የጥላ ሒሳብ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሲሮጥ መሐል ላይ መብራት ሄደ፣ ላፕቶፑም አብሮ። አሁን በየደረጃው እያስቀመጠ እንዲሄድ አድርጌዋለሁ።

ውጤቱ ደስ ይላል። ሰፊው ጋዝ በኩብ ሴንቲሜትር 1,000፣ ቋጠሮው 20,000 ነው። ከኮከቡ 1 የብርሃን ዓመት ላይ ያለ ቋጠሮ ሲደርስ ጨረሩ የብርሃን ዓመት አንድ መቶኛ እንኳ ሳይገባ ያልቃል። ከቋጠሮው ጀርባ ረጅም ጥላ ይዘረጋል። በጥላው ውስጥ ያለው ጋዝ ስስ ቢሆንም አይነካም። ዙሪያው ሁሉ ተጠርጎ ያ ጥላ ብቻ ቆሞ ይቀራል። ስክሪኑ ላይ ሳየው ከንስር ኔቡላ ዓምዶች ጋር ዓይነቱ አንድ ነው፤ የጠፈር ቴሌስኮፖቹ ሐብል በ1995 ያነሳቸው፣ ጄምስ ዌብም በ2022 የደገማቸው እነዚያ የጋዝና የአቧራ ዓምዶች። ዓምዱን ማንም አልገነባውም፣ ሌላው ሄዶ እሱ ቀረ እንጂ።

ጥር 13

ጥምቀትን ጃን ሜዳ አሳልፌ ተመልሻለሁ። ጣራው ላይ ጨረቃ ስላለች ንባብ ብቻ።

አንድ የሚያከራክረኝ ነገር አለ። ስለነዚህ ዓምዶች ሲወራ ሁልጊዜ «ብርሃኑ ደመናውን ጨምቆ አዳዲስ ኮከቦችን ይወልዳል» ይባላል። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። በ1977 ኤልመግሪንና ላዳ በደንብ አስረድተውታል፦ ትኩሱ ጋዝ ሲስፋፋ ቀዝቃዛውን እየጠረገ ይሰበስበዋል፣ የተሰበሰበውም በራሱ ክብደት ይወድቃል። ትንሽ ቋጠሮ ከሆነም ከፊቱ የሚበረው ጋዝ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ይጨምቀዋል። ይህንን የሮኬት ግፊት ኦርትና ስፒትዘር በ1955 ጽፈውታል።

ግን ቁጥሩን እንይ። በንስር ኔቡላ ዓምዶች ጫፍ ላይ ኮከብ አርግዘዋል የተባሉ ትናንሽ ቋጠሮዎች አሉ። በ2002 ሁለት ተመራማሪዎች በኢንፍራሬድ (ከቀይ ባለፈ፣ ዓይን በማያየው ብርሃን) 73ቱን ፈተሹ። የወጣት ኮከብ ምልክት ያገኙት 11 ላይ ነው፣ 15 በመቶ። የቀሩት እየተበሉ ያሉ ጋዞች ናቸው። ከ11ዱም ቢሆን ብርሃኑ ወለዳቸው ወይስ ቀድሞ ተጸንሰው ብርሃኑ ገለጣቸው ብሎ መለየት ከባድ ነው። ጠርዝ ላይ ወጣት ኮከብ ማየት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ኮከብ የሚወለደው ጥቅጥቅ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ ጠርዙም የሚቆመው ጥቅጥቅ ያለ ቦታ ላይ ነው።

የኔ ፍርድ፦ ማጥፋቱ ይበዛል። ግዙፍ ደመናዎች ኮከብ የሚያደርጉት ከጋዛቸው ጥቂት በመቶውን ብቻ ነው። የቀረው የሚበተንበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው የገዛ ልጃቸው ብርሃን ነው። መወለዱ አልፎ አልፎ ይኖራል። ፖስተር ላይ ግን ሁልጊዜ የሚጻፈው መወለዱ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ባሩ አቅጣጫ ላይ ዲ203-506 የሚባል፣ ወጣት ኮከብን የከበበ ዲስክ አለ፤ ፕላኔት የሚሠራበት ዓይነት። አልትራቫዮሌቱ ጋዙን እየነጠቀው ነው። በ2023 ጄምስ ዌብ በዚያው ዲስክ ውስጥ ሜቲል ካታዮንን አገኘ፣ ከፀሐይ ሥርዓት ውጪ ለመጀመሪያ ጊዜ። አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ነው፤ ለረቀቀ የካርቦን ኬሚስትሪ መነሻ ይሆናል። እሱን የሚያሠራው ደግሞ ራሱ ጨረሩ ነው። ዲስኩን እየገፈፈ ኬሚስትሪውን ያስነሳል። በኔ ፎቶ ይህ ሁሉ ከአንድ ፒክስል ያነሰ ነው።

የካቲት 2

ኦሪዮን አሁን ገና በምሽት ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ከእራት በኋላ መሥራት ይቻላል። ቀጣዩ ዒላማ የፈረስ ራስ ኔቡላ ነው። በ1888 ዊሊያሚና ፍሌሚንግ ሃርቫርድ በነበረ የፎቶ መስታወት ላይ ያገኘችው። ከጀርባው ያለውን ቀይ መጋረጃ የሚያበራው ሲግማ ኦሪዮኒስ ነው፣ ፈረሱ ራሱ ግን ከፊቱ የቆመ፣ ከጎኑ እየተበላ ያለ ጥቁር አቧራ ነው። በኔ ሌንስ ከ60 እስከ 80 ፒክስል ይሆናል፤ ጠርዙን ለመለካት ከበቂ በላይ።

ችግሩ ቀዩ ነው። ያ ማጣሪያ ካልወጣ መጋረጃው አይታይም፣ መጋረጃው ካልታየ ፈረሱም የለም። ፒያሳ ካሜራ የሚጠግን ሰው አግኝቻለሁ። ካሜራውን አገላብጦ አየውና፣ «አወጣዋለሁ፣ ግን ከዚያ በኋላ የሰው ፊት እንደ ቲማቲም ቢቀላ እኔን እንዳትጠይቀኝ» አለኝ። ሰው አላነሳም አልኩት። ሰኞ አደርስለታለሁ፤ ሌንሱን ግን ቤት ትቼ ነው የምሄደው።